ምን ጠፍቶባችሁ ነው?

ጳጉሜ 4 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አንዴ ብቻ ጥሎ አባራ። የእህቴ ልጅ ለክረምት እረፍት ከባሕር ዳር ከመጣች ወዲህ ከደጃፍ አላለፈችም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ተራራ እንውጣ» አለችኝ።

«ተራራ ላይ ምን አለ?» አለች እናቷ።

«አበባ።»

«አበባማ ጓሮም አለ። ሂጂና እዪው።»

በእህቴ አልፈርድም። እኛ አገር መንገድ የሚወጣው ለጉዳይ ነው፤ ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለክስ፣ ለጠበል። ያለ ጉዳይ የሚዞር ሰው ወይ ታሟል ወይ ከብት ጠፍቶበታል። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስለምታጠና «ለትምህርቴ ነው» ብትል ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አላለችም። እኔም ይሄ ደስ ስላለኝ እሺ አልኩ።

ቦታ ለመምረጥ ብዙ አልተከራከርንም። ጮቄ ሩቅ ነው። ዘንገና ሐይቅን ሁለታችንም አይተነዋል። ሰከላ ግን፣ የዓባይ ምንጭ የሆነው የግሽ ዓባይ አገር፣ እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሆና እግሬ አልረገጣትም። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከአንዲት ነጥብ ጀምሬ እስከ ሜዲትራኒያን ዓባይን በሰማያዊ ጠመኔ ስስብ የኖርኩ ሰው ነጥቧን አላየኋትም። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ማስታወሻ ስለሆነ ይጻፍ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 5 አልን።

ጳጉሜ 5፣ ሰኞ

የሰፈሩ ልጃገረዶች ከሰዓት በኋላ እንግጫ ነቀላ ወጡ። ወደ ማታ በላህ ወንዝ በኩል እየዘፈኑ ሲመለሱ ድምፃቸው ከእነርሱ ቀድሞ ገባ። እንግጫ ለማያውቀው ሰው ተራ ሣር ነው። አይቆረጥም፣ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ከዚያ ከአደይ ጋር ይጎነጎናል። የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ አንድ ጉንጉን ሰጠችኝ። ጭቃው ገና ከሥሩ አልረገፈም። ጉንጉኑን የማስርበት ምሰሶ የለኝም፤ ቤቴ ብሎኬት ነው። የመጋረጃው ዘንግ ላይ አሰርኩት።

መስከረም 1 ቀን 2011፣ ማክሰኞ

ዘመነ ሉቃስ ገባ። ጠዋት ሕፃናቱ አበባ ሥለው መጡ። ዘንድሮ አንዱ ወረቀት ላይ አበባው ሰማያዊ ነው፤ ቢጫው እርሳስ አልቆበት ነው አለኝ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ። ጠቅላይ ሚኒስትሩና የኤርትራው ፕሬዚዳንት ቡሬ ላይ ድንበር ከፈቱ ተባለ። የጎረቤታችን እናት «ቡሬ» የሚለውን ብቻ ሰምተው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። «መጥተው ነው? ታዲያ ምነው ሳይነግሩን!» እዚህ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ያለችው ቡሬ መስላቸዋል፤ ያ ሁሉ ሰው ሲተቃቀፍ የሚያዩት የበርበሬው ገበያ ላይ ነው። ያኛው ቡሬ በአፋር በኩል፣ በአሰብ መንገድ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ስሙማ የእኛ ነው» አሉ፤ ተቀመጡም።

አልተሳሳቱም ለማለት ያህል፣ የእኛዋ ቡሬም ንጉሥ አይታለች። ጣሊያን የካቲት 25 ቀን 1933 ቡሬን ለቆ ሲወጣ ከስደት የተመለሱት አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ መሥመር ወደ ደብረ ማርቆስ አልፈዋል። ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው ይባላል። ከዚያ በፊት ወጀት ነበረች።

መስከረም 5፣ ቅዳሜ፣ ሌሊቱን የተጻፈ

እግሬን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሣን። የቡሬው ሚኒባስ መስታወት ላይ በሐምሌ ያረፉት የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ የኢንጂነር ስመኘው በቀለ ፎቶ ተለጥፏል። ስለ እሳቸው አሟሟት መንገዱን ሙሉ ክርክር ነበር። እኔ በጨለማ ጸጥ ብዬ ከኪሴ ገብስ ቆሎ እያወጣሁ እቆረጥም ነበር። ይህችን ነገር አስታውሱልኝ።

ከቡሬ ወደ ቲሊሊ መንገዱ ከፍ እያለ ሲሄድ ብርዱ ገባ፤ በቆሎው አለቀና ገብስና ድንች መጣ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ግሽ ዓባይ ከተማ ከ2,700 ትበልጣለች። ይህን እንደ ቁጥር አስተምሬዋለሁ። በጆሮ ግን የሚታወቀው ሌላ ነው፤ ጆሮዬ ሁለቴ ተደፈነ። ከቲሊሊ አስፋልቱን ትተን በአይሱዙ ጋቢና ጥርጊያውን ያዝን። ፈረሰኛ በፈረሰኛ ነው አገሩ፤ ኮርቻው ላይ ዘርፍ፣ ባለቤቱ ላይ ጋቢ። ዳር ለዳር ባሕር ዛፍና ዲከረንስ። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ጤፉን አጭዶ ዛፉን ይተወዋል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል ነው። ልጅቷ «ይሄ ጫካ አይደለም፣ ሰብል ነው» አለች። ልክ ናት፤ ረድፉ እንደ ተማሪ ሰልፍ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወርደን በእግር ጀመርን። ቀኑ ቅዳሜም አቦም ስለሆነ እርሻ ላይ ሰው የለም። የሚያጋጥመን ሁሉ ወይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ወይ ከብት የሚያይ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ፣ አረንጓዴ ቁምጣ፣ ዱላ በትከሻ፣ ሰላምታውን ጨርሰን ጤናችንን ከተጠያየቅን በኋላ ቆመ።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ምንም አልጠፋብንም። አገሩን ለማየት ነው።»

«አገሩማ ይኸው» አለ በዱላው እየጠቆመ፣ ከዳር እስከ ዳር። ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ቆሞ ጠበቀን። እስክናየው ነው መሰለኝ።

ምንጩ ከግሽ ተራራ ሥር፣ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ያሉት አባት ጫማችንን አይተው ውልቁ አሉን። ቀጥለው «እህል የቀመሰ አለ?» አሉ። ልጅቷ የለም አለች። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጉንጭ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም፤ ሥርዓቱን ከጓደኞቿ ሰምታ ለእኔ ሳትነግረኝ ለካ ተዘጋጅታለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዩት።

«አባቴ፣ ቆሎ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ።»

«ታዲያ ቆሎ ድንጋይ ነው?»

«ጋሼ፣ ቆረጠምክ?» አለች ልጅቷ፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘኔታ ይሁን ሳቅ እስካሁን አልለየሁም።

ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ነጥብ ካጥሩ ወዲያ ቀረ። አጥር ተደግፌ ባዶ እግሬ ረጥቦ ቆምኩ። አባ ግን ጨካኝ አልነበሩም፤ አጠገቤ ቆመው የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ታሪክ ነገሩኝ። ጻድቁ ወደ እስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው «ግሽ» ቢሉት ወንዙ አንዲት ፊደል ሳያረጥብ ተፋቸው። ግሽ ዓባይ የተባለው ለዚህ ነው ይላሉ። «አንተም ሌላ ቀን ባዶ ሆድህን ና» አሉኝ፤ «ውኃው የትም አይሄድም።» ይህን ሲሉ ፈገግ አላሉም። ለጂኦግራፊ መምህር የተባለ ነገር ይህ ከሆነ ትንሽ ያከራክራል፤ ይህ ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ደግሞ እስከ ካርቱም ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ልጅቷ በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ወጣች። «እንዴት ነው?» አልኳት።

«የማድጋ አፍ ታክላለች። ጋሼ፣ ይቺ ናት እንዴ?»

ይቺ ናት። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ በፈረንጆች ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ያያት፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ኅዳር መግቢያ ደርሶ «እኔ ነኝ የመጀመሪያው» ያለባት። ብሩስ ስለ ፓኤዝ ያውቅ ነበር፤ እንዳላየ ለማስረዳት ግን ብዙ ገጽ ፈጀ። እኔን ግን ከብሩስ መጽሐፍ የሚያስቀኝ ሌላ ቦታ ነው። ጫማህን አውልቅ ብለውት በባዶ እግሩ ቁልቁለቱን ወደ ምንጩ ሲሮጥ፣ ተራራው ላይ አበባ ሞልቶ ነበርና፣ ከመሬት ብቅ ያሉት የአበባ ሥሮች፣ እንደ ሽንኩርት ያሉት፣ ልጣጫቸው እየተላጠ አንሸራተቱት፤ ምንጩ ዳር ሳይደርስ ሁለቴ ክፉኛ ወደቀ። ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣ ሰው የወደቀው በአበባ ነው። ውኃውን በኮኮነት ቅርፊት ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። ስለ አበባው ከመውደቁ ሌላ ብዙም አላለ።

እኛ የመጣነው ለአበባው ነው። ወጣን።

ሽቅቡ ቀላል አይደለም። የክረምቱ አፈር ገና አልጠነከረም፤ ጫማችን ሥር ጭቃው እየተደራረበ እያንዳንዳችን አንድ ስንዝር ረዘምን። አደዩ መጀመሪያ በየድንበሩ፣ በማሳና በማሳ መካከል እንደ ጥልፍ ነው። ከፍ ስንል ግን ሜዳ ሆነ። ቢጫ ብቻ ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው። ነፋስ ሲመጣ ይተኛል፣ የቅጠሉ ጀርባ ይገለጥና ሜዳው ለቅጽበት አረንጓዴ ይሆናል፤ እንደገና ሲነሣ ቢጫ። ከሥሩ የማጌጥ ሐምራዊ እራስ አለ፤ ያጎነበሰ ብቻ ነው የሚያየው።

ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቼ ነበር። ከላይ ፉጨት መጣ፤ ከዚያ ጅራፍ።

«ክልክል ነው! ክልክል!»

ገሳ የደረበ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ ነው። እኔ መጀመሪያ «ምን ተከለከለ?» ብዬ ነበር የተናደድኩት። ለካ ክልክል የሜዳው ስም ነው። የደረቅ ሣር ሜዳ ከሐምሌ ጀምሮ ከብት እንዳይገባበት ይዘጋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ በበጋ በሬውን የሚያሳድረው ያ ነው። ልጁ እዚያ የተቀመጠው ከብት እንዲጠብቅ ሳይሆን ሜዳውን ከከብት እንዲጠብቅ ነው። ጥያቄውን እሱም ጠየቀን፤ በዚያች ዕድሜው፣ በአባቱ ቃል። «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«አበባ ልናይ» አለች ልጅቷ።

ልጁ ሜዳውን ዞሮ አየው። «ይሄን?» አለ። «ይሄማ ሣሩን ይሻማል።»

ሃያ ዓመት ያልገባኝ ነገር ያኔ ገባኝ። ከታች ከብት በሚውልበት የወል ግጦሽ ላይ አበባ የለም ማለት ይቻላል፤ ሣሩ እንደ ተላጨ እራስ ነው። አደይ እንዲህ ሞልቶ ያገኘነው ሰው ለሣር ብሎ ባጠረው ቦታ ነው። እኛ የምናወድሰው አበባ የሚኖረው በማይፈልገው ሰው ጥበቃ ነው። ልጁ ንብ የሚወደው መሆኑን አልካደም። አባቱ ሦስት ቀፎ አለው። የአደይ ማር በኅዳር ይቆረጣል፤ ያኔ አበባው እንደሚያስፈልግ ያምናል።

ድንበሩ ላይ እንድንቀመጥ ፈቀደልን። ልጅቷ አንድ አደይ ቀጥፋ መዳፏ ላይ አደረገች። አንድ አበባ አይደለም አለችኝ፤ ጉባኤ ነው። እኛ ቅጠል የምንላቸው ቢጫ ምላሶች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ መካከል ያለው ክብ ደግሞ በጣም ጥቃቅን አበቦች የታጨቁበት ነው። ምላሶቹን ቆጠረች፣ ስምንት። ቀጥሎ ያለው ሰባት። እረኛው ጎንበስ ብሎ እሱም መቁጠር ጀመረ። የዘሩ ስም ቢደንስ ነው፤ በላቲን ባለሁለት ጥርስ ማለት። ጨጎጎትም የእሱው ዘመድ ነው። በበጋ ሱሪያችን ላይ ሁለት ጥርሱን ተክሎ የሚከተለን ያ ክፉ አረም የአደይ የአክስት ልጅ መሆኑን ሰምቼ ትንሽ ቅር አለኝ። እረኛው ግን ሳቀ፤ «ጨጎጎትማ የሌባ ነው፤ የት እንደዋልክ ያጋልጣል» አለ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ገባን። ስለ ደኑ ረጅም አልጽፍም፤ ጨለማና ጸጥታ ነው፣ ጸጥታ ደግሞ ሲጻፍ ይረበሻል። ጽድ፣ ወይራ፣ ቅርፊቱን ለሽንት ሕመም መድኃኒት ፈረንጅ የሚፈልገው ጥቁር እንጨት፣ አንድ ትልቅ ኮሶ። ከደኑ ጫፍ ወጥቼ ወደ ኋላ ሳይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አየሁ። ውስጡ ሆኜ ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። አወራረዳችን ላይ እኔም እንደ ብሩስ ወደቅሁ፤ በአበባ ሳይሆን በተራ ጭቃ፣ አንዴ ብቻ፣ ግን በደንብ። በረዶ ሲጨምርበት አንዲት ጎጆ ደጃፍ ተጠጋን። «ኧረ ግቡ፣ ግቡ! በደጅ ምን ትቆማላችሁ!» የሚል የሴት ድምፅ ከውስጥ መጣ። እትዬ ምድጃው ላይ ድንች ጥደዋል። ማን መሆናችንን ሳይጠይቁ ሰፌዱ ቀረበ፤ ድንች፣ ጨውና ሚጥሚጣ። ጭቃዬን አይተው እሳቱን ወደ እኔ ገፉት። ሦስተኛውን ድንች ስልጥ መጣ፦

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው ልጆቼ፣ በዚህ ዝናብ?»

በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ለጠበል ነው እንዳልል ቆሎ በልቻለሁ። ልጅቷ ቀድማኝ ከፍኖተ ሰላም እንደመጣን ነገረቻቸው፤ ጥያቄው ሌላ ነበር፣ እሳቸው ግን ይኸው በቃቸው።

«ፍኖተ ሰላም! ልጄ እኮ እዚያ ነው!»

አሥራ አንደኛ ክፍል። ትምህርት እስኪጀመር ለቀን ሥራ ቀድሞ ወርዷል። ብሎኬት ያቀብላል። ተነሡና ከጓዳ ገብስ አወጡ፤ ምጣዱን ጣዱ። ዝናቡ አባርቶ መኪና ሊያመልጠን ነው ብል የሚሰማኝ አልተገኘም። ገብሱ ሲፈነዳ፣ እጃቸው በእርግቦ ሲያገላብጠው፣ ሽታው ጭሱን ሲያልፈው፣ እንደ ጠዋቱ እጄን መስደድ ከጅሎኝ ነበር። በነጭ ጨርቅ ቋጠሩት፤ ሁለቴ ቋጠሩት። «እንዳትቀምሱበት» አሉ። ልጅቷ እኔን አየችኝ።

መስከረም 6፣ እሑድ

ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆማል።

የእትዬን ልጅ ያገኘሁት ሦስት ሆነው በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ልብስ ሲያጥብ ነው። ቋጠሮውን ከሩቅ አውቆታል፤ ከእኔ ይልቅ ጨርቁን ሰላም አለ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ፈታው፤ ለጓደኞቹ ዘገነ፤ ለእኔም በሁለት እጁ አቀረበ። ጥቂት አነሣሁ። አምሮኝ ነበር የከረመው።

«እናቴ ደኅና ናት? ዝናቡ ገብሱን አልጣለውም?»

ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ገብሱ እንደቆመ፣ ጣሪያው በበሩ በኩል እንደሚያንጠባጥብ፣ ጥጃዋ ጎጆው ውስጥ እንደምታድር። ስለ አበባው አላነሣሁም። ጥጃ መኖሯን አያውቅም ነበር፤ በነሐሴ ነው የተወለደችው። ምን ቀለም ናት አለኝ። ቡላ ናት ያልኩት እርግጠኛ ሳልሆን ነው።

ከደጅ ሲሸኘኝ «ለመሆኑ ሰከላ ምን ጉዳይ ገጥሞዎት ነው የሄዱት?» አለ።

«ቆሎ ላመጣልህ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን በዚያው አለቀ።

መስከረም 17፣ ሐሙስ

ደመራ። ልጆቹ የእንግጫቸውን ጉንጉን እሳቱ ላይ ጣሉ። የእኔው መጋረጃ ላይ ደርቆ ረግፎ ነበር፤ የተረፈውን ይዤ ወጣሁ። አደዩ በነካሁት ቁጥር ዘር ይጥላል፤ ሁለት ጥርሱ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም።

ልጅቷ ትናንት ባሕር ዳር ገባች። የጠበሉን ጠርሙስ ለእናቷ ትታላታለች። እህቴ በየጠዋቱ ሳትበላ ትቀምሳለች፤ «ለካ ለዚህ ነው የሄዳችሁት፣ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ያ ልጅ መጣ። ጨርቁን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ ውስጡ ሁለት ሳሙናና አንድ ፓኬት ሻማ አድርጎ።

«መቼ ነው የሚመለሱት?» አለኝ።

ለጥቅምት አልኩት። የጥጃዋን ቀለም ደግሞ በደንብ እንዳይለት አደራ አለኝ።